የሦስት ወር ጉርምስና

ታርሞ ከሰው ጋር ሳውና እንደማይገባ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን አንስቶት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ያለችው የእንጨት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ስትሞቅ መጀመሪያ ወንዶቹ ይገባሉ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ። ከዚያ ሁሉም ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ደጅ ተቀምጠው ቋሊማቸውን ሲበሉ ታርሞ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቻውን ይወርዳል። እናቱ ኬርቱ ምድጃው እንዳይበርድበት ሁለት ፍልጥ ጨምረው ይጠብቁታል። «ለምን ብቻህን?» ያለው ግን የለም። ሰውን በሰላም መተው እዚህ አገር ትልቁ ጨዋነት ነው፤ የሚወዱትን ሰው ደግሞ ከሌላው አብልጠው በሰላም ይተዉታል። ታርሞም ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ እንዲህ በሰላም እንደተተወ ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ሞላ።

በዚያ ሐምሌ ከታምፔሬ ከተማ የመጣው ለክርስትና ነበር። ታምፔሬ ውስጥ ትራም ይነዳል፤ ሥራውን ይወዳል፤ ምክንያቱም ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ከጀርባው ተለጥፎለታል። ታናሽ እህቱ ኢሎና የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አሥር ሳምንት ሆኗታል፤ የክርስትና አባት እንዲሆን የመረጠችውም እሱን ነው። በዓሉ እሑድ ነው፤ ቄሱ እዚያው እናታቸው ቤት መጥተው ያጠምቃሉ።

ሕፃኑ ገና ስም የለውም። ማለትም አለው፤ የሚያውቁት ግን ኢሎናና ባሏ ፓኑ ብቻ ናቸው፤ ቄሱ ውሃውን እስኪያፈሱበት ድረስ ለማንም ትንፍሽ አይባልም። እስከዚያው «እንግዳው» እያሉ ይጠሩታል። ኬርቱ ግን መታገሥ አቅቷቸው ዘዴ ፈጥረዋል። ሰሃን እያጠቡ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው አንድ ስም ጣል ያደርጉና የኢሎናን ፊት በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ይሰልላሉ። ኢሎና ደግሞ የእናቷ ልጅ ናትና በየስሙ እኩል ፈገግ ትላለች። ሴትዮዋ በሁለት ወር ውስጥ የዘመድ ስም ጨርሰው ወደ ጎረቤት ተሻግረዋል።

ታርሞ ዓርብ ከሰዓት ሲደርስ ኢሎና የእንግዳውን ሽንት ጨርቅ እየቀየረች ነበር። ልጁ ወፍራም ነው፣ ቆዳው የለሰለሰ፣ ጉንጩ ላይ አንዲት ነጥብ የለችበትም። እግሮቹን ወደ ላይ እያንፈራገጠ አጎቱን ትኩር ብሎ አየው። ኢሎና የክትትል ነርሷ ያለቻትን እየነገረችው ነበር። ክብደቱ ጥሩ ነው፣ አንገቱ ጠንክሯል፣ መሳቅ ጀምሯል።

«የዘር ፍሬዎቹ ብቻ ገና አልወረዱም» አለች ጨርቁን እያጠፈች። «ስድስት ወር እስኪሞላው እንጠብቃለን ብላኛለች። ብዙ ወንዶች ልጆች እንዲህ ናቸው አሉ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ምነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው» አለ ታርሞ።

ኢሎና ቀና ብላ አየችው። ፊቱ መለዋወጡን ሳታይ አልቀረችም። ግን እሷም በዚያው ቤት ያደገች ናትና በሰላም ተወችው።

ታርሞ ውጭ ወጥቶ ወደ ሐይቁ የገባው የእንጨት መረማመጃ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይህንን ቀን ለማንም ሳይነግር ለዓመታት ሲፈራው ኖሯል።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለውትድርና ምርመራ ከአገሩ ልጆች ጋር ተሰልፎ ነበር። እነሱ ጺም አብቅለው፣ ድምፃቸው ወፍሮ፣ ስለ ሴት እየተፎካከሩ፤ እሱ በመሐላቸው የታናሽ ወንድማቸውን መስሎ። የጦር ሠራዊቱ ሐኪም አየው፣ ምንም አላለም፣ ወረቀት ጽፎ ትልቁ ሆስፒታል ላከው። እዚያ የተቀበለችው ሐኪም አጭር ሴት ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ በሹራብ ካልሲ ቢሮዋ ውስጥ የምትንጎራደድ። መጀመሪያ የጠየቀችው ጥያቄ ስለ ጺሙም ስለ ቁመቱም አልነበረም።

«ሽታ ይሸትሃል?» አለችው።

ማንም ሰው ጠይቆት አያውቅም ነበር። አይሸተውም። ሽታ የሚባለው ነገር ሰዎች ተስማምተው የሚጫወቱት ጨዋታ ይመስለው ነበር፤ ሌላው «እህ፣ ደስ ሲል» ሲል እሱም «ደስ ሲል» እያለ አብሮ ተጫውቷል። ሐኪሟ ቁጭ ብላ አስረዳችው። ልጅ በማሕፀን ሳለ ጉርምስናን የሚያዙት ጥቂት ሴሎች ከአፍንጫ ተነስተው ከሽታ ጅማት ጋር ወደ አንጎል ይጓዛሉ። የእሱ ሴሎች መንገድ ላይ ቀርተዋል። ስለዚህ ሽታውም የለም፣ ጉርምስናውም አልመጣም። ጥፋት አይደለም፣ መድኃኒትም አለው።

ከዚያ ሌላ ነገር ነገረችው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረውም ያ ነው። ሰው ጉርምስና አንዴ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ግን አይደለም አለችው። ወንድ ልጅ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ሆርሞኑ ልክ እንደ ጎረምሳ ይነሳል። ከእናቱ ጡት ሥር ተኝቶ ሳለ ሰውነቱ ለኋላ የሚሆነውን መሠረት ይጥላል። ከዚያ ይተኛል፣ እስከ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ድረስ። «የአንተ ያኔ አልተነሳም» አለችው። «አንድ ሰው በዚያ ሰዓት ትንሽ ደም ወስዶ ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር። ግማሽ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን የጤነኛውም የታማሚውም ሆርሞን እኩል ጸጥ ይላል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። በሩ ይዘጋል።» በሽታው በእናት በኩል ሊተላለፍ እንደሚችልም ነገረችው። እህቱ ወንድ ልጅ ብትወልድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲነግራት አደራ አለችው። ታርሞ እሺ አለ።

መርፌውን ጀመረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ድምፁ ጎረነነ፣ ትከሻው ሰፋ፣ አገጩ ላይ ጺም ወጣ። ታምፔሬ ከርሞ ለገና ቤት ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ኬርቱ በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ቁመት ጨምረሃል» አሉ። ከዚያ ገና ከመጠቅለያው ያልወጣ ትልቅ ሱሪ ከቁም ሳጥን አውጥተው አልጋው ላይ አስቀመጡለት። በቃ፣ ስለ ነገሩ የተባለው ይኸው ብቻ ነው።

ኢሎና ስታረግዝ የልጁን ፆታ ማወቅ አልፈለገችም። ታርሞ ትራሙን እየነዳ ሴት እንድትሆን ሲለምን ከረመ። ወንድ መሆኑን ሲሰማ ደውሎ እንኳን ደስ አለሽ አላት፣ የቀረውን ፊት ለፊት እነግራታለሁ አለ፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ብሎ ራሱን አጽናና። አሁን ግን ማጽናኛው አልቋል። ልጁ አሥር ሳምንቱ ነው። ነርሷ ስድስት ወር ጠብቁ ብላለች፤ የተናገረችው ለሌላው ልጅ ሁሉ ትክክል ነው፣ ለዚህኛው ግን በሩ ሲዘጋ ቁሞ ማየት ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ ነው፤ በሐምሌ አገሩ ሁሉ ሥራውን ዘግቶ ሐይቅ ዳር ይተኛል። እሱ እሑድ ወደ ታምፔሬ ሳይመለስ ካልተናገረ፣ በስልክ እንደማይናገረው ራሱን ያውቀዋል።

ዓርብ ማታ አልተናገረም። ቅዳሜ ጠዋት ኢሎናን ተከትሎ እስከ ልብስ ማስጫው ሄዶ ስለ አየሩ አወራት።

ቅዳሜ ከሰዓት ኬርቱ ለነገው በዓል ሄል ያለበት ጉንጉን ዳቦ ምድጃ ውስጥ ከተው በሩዝ ገንፎ የሚሞሉትን ቂጣዎች እየዳመጡ ነበር። ፓኑ ለሳውናው እንጨት ይፈልጣል። ፓኑ ከሰሜን የመጣ፣ ግዙፍ፣ በቀን አሥር ቃል ያህል የሚናገር ሰው ነው፤ ኬርቱ አማቻቸውን ሲያሞግሱ «ለፍላፊ አይደለም» ይላሉ። ታርሞ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ግድግዳውን ተደግፏል። ኢሎና ልጁን በትከሻዋ ይዛ እየዞረች፣ እንግዳው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳውና እንደሚገባ አስታወቀች። ሙቀቱ ለዘብ ይላል፣ ለአፍታ ብቻ ነው፣ ፓኑ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃውን ይጨምራል።

«ታርሞ፣ አንተ ብትይዝልንስ?» አለች። «የክርስትና አባቱ አይደለህ እንዴ?»

ኢሎናም ያለችውን የሰማችው ካለች በኋላ ሳይሆን አይቀርም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ኬርቱ መዳመጫቸውን አስቀመጡ።

«ኢሎና፣ ተዪው» አሉ ቀስ ብለው። «በሰላም ተዪው።»

ታርሞ እናቱን አያቸው። እኚህ ሴት ይወዱታል፤ ሁልጊዜ ይወዱታል። ሁለቱን ፍልጥ አስታወሰ፣ ሱሪውን አስታወሰ።

«አትተዉኝ» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «በሰላም አትተዉኝ፣ እማ። በሰላም መተው ሰልችቶኛል።»

ከዚያ ተናገረው። መጀመሪያ የልጁን፤ ሰኞ ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት፣ ስድስት ወር መጠበቅ እንደሌለበት፣ ለምን እንደሆነ። ቀጥሎ የራሱን። በትራሙ ውስጥ ያጠናው ንግግር ሁሉ ጠፍቶበት እየተደናቀፈ፣ አንዱን ሁለቴ እየደጋገመ፣ እኩዮቹ ሲጎረምሱ እሱ የቀረበትን የአሥራ አምስት ዓመቱን ጊዜ፣ የውትድርናውን ሰልፍ፣ የሹራብ ካልሲዋን ሐኪም፣ መርፌውን። ኢሎና ልጁን ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኬርቱም ዱቄት የነካ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

በሩ ተከፈተና ፓኑ እንጨት ታቅፎ ገባ። አፍንጫውን አነሳ።

«የሚያር ነገር አለ» አለ።

ሁለቱ ሴቶች ከመቀመጫቸው ተፈናጥረው ተነሱ። ጉንጉኑ ዳቦ ከላይ ከሰል ሆኖ ወጣ፤ ጭሱ ጣራውን ሞላው። ምድጃው አጠገብ ግን የቆመው ታርሞ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ እጀታውን ይነካው ነበር።

«አልሸተተኝም እኮ» አለ። «ሸትቶኝም አያውቅም።»

ኬርቱ ትሪውን እንደያዙ ቀሩ። ያረረውን ዳቦ አዩት፣ ልጃቸውን አዩት፣ ትሪውን አስቀመጡና ተቀመጡ።

«አርቮም እንዲህ ነበር» አሉ።

አርቮ የኬርቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። ከጓሮ ባለችው ቤት ብቻውን ኖረ፣ አላገባም፣ እስከ ሰባ ዓመቱ ድረስ ፊቱ የልጅ ፊት ነበር። አንድ ቀን ጋዜጣ እያነበበ ገንፎው ከፊቱ ምድጃ ላይ ከሰል እስኪሆን ድረስ ሳያውቅ ቀርቶ፣ የነቃው ጭሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው ነው። እነሱም ሐሳበኛ ነው ብለው ሳቁ። ስለ ፊቱም፣ ስለ ብቸኝነቱም ጠባዩ ነው ብለው ተዉት። ኬርቱ ይህንን ሲናገሩ ዓይናቸው ከትሪው ላይ አልተነሳም።

«ኢሎና በአንድ ወሯ ፊቷ በብጉር ተወርሮ የጎረምሳ ፊት መስሎ ነበር» አሉ። «አንተ ግን ጥርት ያልክ ነበርክ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ ነው ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ እንዴ ይህን ያወረስኩህ?»

«ማንም አውቆ አያወርስም፣ እማ። ቁመቴንም ያወረስሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እንደማይሸትህ ጠርጥሬ ነበር» አሉ ኬርቱ። «ትንሽ ልጅ ሳለህ የሊላ አበባ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሳስገባ ‹ደስ የሚል ሽታ› ትለኝ ነበር። አበባው ግን ገና አልፈካም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እንዳታፍር ብዬ ነዋ።»

ኬርቱ ማልቀስ የሚያውቁ ሴት አይደሉም፤ ስለዚህ ተነስተው ያረረውን ዳቦ በቢላ መፋቅ ጀመሩ። ታርሞ ከኋላቸው ሄዶ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይደረግም። ኬርቱ መፋቁን ሳያቆሙ ጉንጫቸውን እጁ ላይ አስደግፈው ቆዩ።

ኢሎና መጀመሪያ ተቆጣች። «በአሥራ አምስት ዓመትህ ክፍልህን ቆልፈህ ከእኔ ጋር መዋኘት ስትተው የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። «አንድ ክረምት ሙሉ ምን አድርጌው ይሆን ስል ነው የከረምኩት።» ከዚያ ጥያቄው ወረደ። መርፌው ያማል? በስንት ጊዜው ነው? ቶሎ ቢታወቅለት ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ሳሙና ሲገዛ እንዴት ይመርጣል? በሃያ ዓመት ውስጥ ያልተጠየቀው ሁሉ በአንድ ሰዓት ተጠየቀ። ታርሞ ሁሉንም መለሰ፤ ሳሙና በቀለሙ እንደሚመርጥ ጭምር። በመለሰ ቁጥር አንድ ዕቃ ከጀርባው እንደሚወርድለት ሰው እየቀለለው ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት ጥያቄ የሚፈራ ይመስለው ነበር፤ ለካ ሲርበው ነው የኖረው።

ኢሎና ስልኳን አንስታ ተረኛ ሐኪም ፈለገች። ሐምሌም ቢሆን አንዱ መነሳቱ አልቀረም። የልጁን ዕድሜ፣ የፍሬዎቹን ነገር፣ የአጎቱን ታሪክ ነገረችው። ሰውየው የእናቲቱ ወንድም መሆኑን ደግሞ ጠየቀ። ሰኞ ጠዋት ይዛችሁት ኑ፣ እንዳታሳድሩት አላት።

ከዚያም ሳውናው ስለሞቀ ሳውና ገቡ። ታርሞ ልብሱን አንድ በአንድ አወለቀ፤ ከሐኪም በቀር ከሰው ፊት ልብሱን ካወለቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፓኑ ቀድሞ ገብቶ የላይኛው እርከን ላይ ተዘርግቷል። ኢሎና እንግዳውን በፎጣ ጠቅልላ በሩ ላይ ሰጠችው። ታርሞ ልጁን ራቁት ደረቱ ላይ ይዞ ታችኛው እርከን ላይ ቁጭ አለ። አማቹ ምን ያያል፣ ምን ይላል እያለ አንገቱን ቀብሮ ጠበቀ።

«ውሃ ልጨምር ወይስ ለእንግዳው ይበዛበታል?» አለ ፓኑ።

«ትንሽ ጨምር» አለ ታርሞ።

ፓኑ ትንሽ ጨመረ። ድንጋዩ ሺ አለ፣ ለስላሳው ሙቀት መጣ፣ ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ አዛጋና የአጎቱ ክንድ ላይ ተዝለፈለፈ። ሌላ የተባለ ነገር የለም። ታርሞ ግን በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ ደስ የሚል ጥያቄ አልተጠየቀም። ፓኑን፣ ድንጋዩን፣ ያቺን የሹራብ ካልሲ ሐኪም፣ ሁሉንም በልቡ አመሰገነ። ፊቱ ላይ የሚወርደው ላብ ይሁን ሌላ፣ እዚያ ውስጥ አይለይም።

እሑድ ቄሱ መጡ። የተፋቀው ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ከመሐል ተቀምጧል፤ ኬርቱ ሌላ አልጋግርም ብለዋል። ታርሞ ረጅሙን ነጭ ቀሚስ የለበሰውን ልጅ ይዞ ቆመ። ቄሱ የልጁን ስም ሲጠይቁ ኬርቱ አንገታቸውን አስረዘሙ።

«ኦይቫ ታርሞ» አለች ኢሎና፤ እዚህ አገር ልጅ ሁለት ስም ይወጣለታል፣ ሁለተኛው የአጎቱ ሆነ።

ታርሞ ልጁን ሊጥለው ምንም አልቀረው። እንግዶቹ ሲበሉ እህቱን ወደ ጓዳ ጠራት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም ብሎ ይይዘው ነበር፤ አሁን ግን መጠየቅ ጀምሯልና ጠየቀ። «ትናንት ነው የቀየራችሁት?»

«ምንም አልቀየርንም። ከመወለዱ በፊት ነው ያወጣነው» አለች። «ብንነግርህ እምቢ ትላለህ ብለን ተውንህ።»

«በሰላም» አለ ታርሞ።

«በሰላም» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ አቀፈችው።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ታርሞ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ትራሙን አቁሞ አረፍ ብሎ ነበር። ኢሎና ደወለች። የኦይቫ ሆርሞን ሊነሳ ይገባው በነበረበት ሰዓት እንደተኛ ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም ማን ነግሯችሁ ነው በዚህ ሰዓት የመጣችሁት ብላ ጠይቃ የክርስትና አባቱ ስትላት ብድግ ብላ መስኮቱ ጋ ሄዳ ዓይኗን ጠርጋ እንደተመለሰች ነገረችው። ሰውነቱ ራሱ ያልሰጠውን በመርፌ ለጥቂት ወራት ይሰጡታል፤ ተአምር አይደለም፣ ዋስትናም የለውም፣ ግን ፍሬዎቹን ያሳድጋል፣ ለኋላውም ይጠቅመዋል። ሲያድግ ደግሞ ማንም ሳይጠብቅ፣ ሳይገምት፣ ልክ በጊዜው መድኃኒቱን ይጀምሩለታል።

«ከእኩዮቹ ጋር ይጎረምሳል አለችኝ» አለች ኢሎና። «ከእኩዮቹ ጋር፣ ታርሞ። አመሰግንሃለሁ። ምን እንደምልህ አላውቅም፣ ብቻ አመሰግንሃለሁ።»

ታርሞ ባዶው ትራም ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። አንዲት አሮጊት መስኮቱን አንኳኩታ ታመሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ደህና ነኝ፣ ጥሩ ዜና ሰምቼ ነው አላት። እሷም ወደፊት ገብታ ተቀመጠች፤ እስከ መሐል ከተማ ድረስ፣ ያን ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ከቁም ነገር ሳትቆጥር፣ ስለ ልጁ ሁሉን ጠየቀችው።

በዚያው ሳምንት ያቺን የሹራብ ካልሲ ሐኪም አፈላልጎ አገኛት። ጡረታ ወጥታለች። የልጁን ፎቶ ላከላት፤ አደራዋን እንዳደረሰና እንደሚያመሰግናት ጻፈ። መልሷ አጭር ነበር። «ደግ አደረግህ። ስንት ሳምንቱ ነበር?»

ኦይቫ አሁን አምስት ዓመቱ ነው። ፍሬዎቹ በዚያው ዓመት መገባደጃ ወርደዋል። ሽታ አይሸተውም፤ ይህንንም ስሙን እንደሚናገር ሰው ይናገራል። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አንዲት ልጅ የጫካ እንጆሪ አፍንጫው ሥር ስትደቅንለት፣ «የእኔና የታርሞ አፍንጫ አይሠራም፤ ንገሪኝና ልወቀው» ብሏት ልጅቷ ግማሽ ቀን ሙሉ የግቢውን ነገር ሁሉ እያሸተተች ስትነግረው ዋለች። ታርሞ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ከዚያ ለብቻው ሆኖ ደጋግሞ አሰበው። እሱን ሃያ ዓመት የፈጀበትን ነገር ይህ ልጅ እንጆሪ እየበላ ጨረሰው።

ባለፈው ቅዳሜ ወንዶቹ ሳውና ውስጥ ነበሩ። ፓኑ ከላይ፣ ታርሞ ከመሐል፣ ኦይቫ ከታች ቀዝቃዛው ባልዲ አጠገብ። ፓኑ ገላ የሚመታባቸውን ለጋ የበርች ዛፍ ቅርንጫፎች አስሮ ውሃ ውስጥ ነክሯል።

«ታርሞ» አለ ልጁ፣ «ይሄ ቅጠል ምን ምን ይሸታል?»

ድሮ ቢሆን ታርሞ መልሱን ያውቀዋል፤ ደስ ይላል ነው መልሱ።

«እኔ እንጃ» አለ።

ኦይቫ ወደ በሩ ዞረ። «አያቴ፣ የበርች ቅጠል ምን ምን ይሸታል?»

ኬርቱ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በሩ ገርበብ አለና ፎጣ የተጠመጠመ ጭንቅላታቸው ገባ። ቅርንጫፉን ከባልዲው አንስተው አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያ ዕድሜያቸው አንድም ሰው ይህን ጠይቋቸው አያውቅም ነበር፤ እሳቸውም ወንድማቸውን አንድ ቀን ጠይቀውት፣ አንድ ቀን ነግረውት አያውቁም።

«ቆዩኝ፣ አስተካክዬ ልበለው» አሉ። «ዝናብ ካባራ በኋላ ሣር ላይ በባዶ እግራችሁ ስትሄዱ እግራችሁ የሚሰማው ነገር አለ አይደል? እሱ በአፍንጫ ሲሆን ነው። ትንሽ ደግሞ ጣፋጭ አለው፤ ጣፋጩ ግን ወዲያው ይሸሻል።»

ኦይቫ እግሩን አየ፣ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ፓኑ ውሃ መጨመሩን ትቶ ያዳምጣል።

«ሌላስ?» አለ ታርሞ።

ኬርቱ ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉና ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ይነግሯቸው ጀመር።